ለነጻ ምርመራ ሰላሳ ስምንት ተመዘገቡ፣ ሦስት መጡ። ለምን ይመስላችኋል?

የእድር ጸሐፊዋ (የካ አባዶ)
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም እህቶች፣ ወንድሞችም ካላችሁ። በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የአንድ የሴቶች እድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገብ የያዘ ሰው የሰፈሩን ነገር ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ስብሰባችን ላይ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጥታ ስለ ጡት ካንሰር አስተማረችን። ቡናው ተፈልቷል፣ ቆሎው ቀርቧል። ሴቶቹ ሰሙ፣ ጠየቁ፣ ሳቁም። ከጨርቅና ከስፖንጅ የተሠራ ጡት አምጥታ ውስጡ የተደበቀውን ጠጠር በጣታችን እንድንፈልግ ስታዞረውማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሲያበቃ «ቅዳሜ ጠዋት ኑ፣ በእጅ እንመረምራችኋለን፣ ክፍያ የለውም» አለች። ሰላሳ ስምንት ሴቶች እጃቸውን አወጡ። የመዘገብኩት እኔው ነኝ።

ቅዳሜ የመጡት ሦስት ናቸው። አንዷ እኔ ስሆን፣ እኔንም ያመጣኝ ጸሐፊ ሆኖ መቅረት ማሳፈሩ ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ፣ ሰበብ ስፈልግ ነው ያደርኩት።

ከዚያ ወዲህ በደረጃው ላይም ሆነ በልብስ ማስጫው ያገኘኋትን ሁሉ እጠይቃለሁ። አንዷ «ምኔንም አያመኝም» አለችኝ። ሌላዋ «ስድስት ልጅ ያጠባ ጡት ምን ይሆናል?» «በዘራችን የለም» ያለችም አለች። «የሚታመሙት ብር ጡት መያዣ ውስጥ የሚይዙት ናቸው፤ እኔ ቦርሳ አለኝ» ያለችኝን ደግሞ መልስ አጥቼላት ዝም አልኩ። ፎቅ ላይ ያሉት እናት «ልጄ፣ የተኛ ነገር ለምን ትቀሰቅሻለሽ?» አሉኝ። ስሙን እንኳ አይጠሩትም፤ «ያ ክፉ» ነው የሚሉት።

አላወቁም እንዳልል፣ ነርሷ ያስተማረችውን ከእኔ ማስታወሻ አስበልጠው በቃላቸው ይደግሙታል። ታዲያ ምንድን ነው ነገሩ?

ወለተ ሚካኤል
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 3፡42

እኔ ባለፈው ዓመት የማኅፀን በር ምርመራ አድርጌያለሁ። ጡቱም አብሮ የታየ መስሎኝ ነበር። አይደለም?

ለገጣፎ ዳር
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 4፡05

የእድርሽ አባል ባልሆንም ካልሄዱት አንዷ ነኝና በእነሱ ፈንታ ልመልስልሽ። ያልታመመ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም። ያደግነው እንዲህ ነው። ካርድ ስታወጪ ያየችሽ ጎረቤት ማታውኑ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቅሽ ትመጣለች። «ደህና ነኝ፣ ለምርመራ ነው» ብትያት ታምናለች? ይብስ ትጠረጥራለች።

ሁለተኛ፣ አላዋቂዎች አይደለንም። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ስታጠባ ጡቷ አብጦ ቀልቶ ነበር፤ ምች ነው ተባለ፣ ዳማከሴ ታሽቶ ተቀባች፣ ዳነች። አክስቴም እንዲሁ። በዓይናችን ያየነው ይህን ነው። በሌላ በኩል ሐኪም ቤት የሄደችው የሰፈራችን ሴት በሦስት ወሯ ተቀበረች። «መርፌ ነካካት፣ ከዚያ ተሰራጨ» ተባለ። እስቲ አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ የትኛውን ታምኛለሽ?

ሦስተኛ፣ ተመርምሬ ቢገኝብኝስ? ባለቤቴ የቀን ሠራተኛ ነው። ሁለቱ ልጆቼ ትምህርት ላይ ናቸው። አለማወቄ ቢያንስ እንቅልፍ ይሰጠኛል።

ነርሷ
ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 1፡20

ተረኛ ሆኜ ስላደርኩ አሁን ነው ያነበብኩት። በሌላ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነኝ፤ እድራችሁ የመጣችው እኔ አይደለሁም፣ ያ የጨርቅ ጡት ግን እኛም ዘንድ አለ፣ እኛም ዘንድ ያስቃል።

ወለተ ሚካኤል፣ አይደለም። የማኅፀን በር ምርመራ ከኮምጣጤ ጋር የሚመሳሰል አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ የሚታይ ነው፤ በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል። ለጡት ምንም አይነግርሽም። ተሳስተሻል ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ሴቶች ያጋጥሙኛል፣ ጥፋቱ በደንብ ያላስረዳነው የእኛ ነው።

ለገጣፎ ዳር፣ የእናትሽ ታሪክ እውነት ነው። በምታጠባ ሴት ላይ የሚወጣ፣ የሚያቃጥልና ትኩሳት ያለው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ወተት ሲቋጠር ወይም ተዋህስያን ሲገቡ የሚመጣ ነው። ብዙው ይሻለዋል፤ ምችም ተብሎ ዳማከሴ ተቀብቶበት። ካንሰር ግን ሲጀምር በአብዛኛው አያምም። ጠንከር ያለ፣ ዝም ያለ፣ ሽምብራ የሚያህል ነገር ነው። ስለዚህ የሚያመው ቶሎ ይታከማል፣ የማያመው ይረሳል። እናቶቻችን ያዩት ነገር ትክክል ሆኖ ያስተማራቸው ግን ተቃራኒውን ነው።

መርፌውን በተመለከተ፦ ከእብጠቱ በቀጭን መርፌ ናሙና የሚወሰደው ምንነቱን ለመለየት ነው። በሽታውን አያሰራጨውም። ያቺ ሴት መርፌው የነካት ቀን በሽታው አስቀድሞ ወደ ሌላ የአካል ክፍል ደርሶ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ በአገራችን ሴቶች በብዛት የሚመጡት በሦስተኛውና በአራተኛው ደረጃ ነውና። እብጠቱ ሲቆስል፣ ሽታ ሲያመጣ፣ ከዚያ በኋላ።

«በዘራችን የለም» ለሚሉት፦ በዘር የሚወረሰው ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ብቻ ነው። ከሚታመሙት ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ከዕድሜያቸው በቀር ሌላ የተለየ ተጋላጭነት አይገኝባቸውም። ስድስት ላጠባችው እህት ደግሞ፦ ማጥባት ይጠቅማል፣ ለእያንዳንዱ የማጥባት ዓመት ተጋላጭነቱ 4 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተጠንቷል። ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። ብርም ሆነ ስልክ ጡት መያዣ ውስጥ መያዝ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም። ኪስ አውላቂ ካልሆነ በቀር የሚያሳስብ አይደለም።

ሹፌሩ (አያት ጨፌ)
ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 6፡55

ወንድ ገባ ብላችሁ እንዳትበተኑ። የብሩን ነገር ስላነሳችሁት ነው፤ ባለቤቴ አትክልት ትነግዳለች፣ ገንዘቧን የምትይዘው እዚያው ነው፣ ይህን ወሬ ከሰማች ወዲህ ስትጨነቅ ነበር። አሁን አነበብኩላትና «እንግዲያው ወደ ቦታው ይመለስ» አለች።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። እናቴ በዚሁ በሽታ ነው ያረፈችው። ለማን እንደነገረች ታውቃላችሁ? ለማንም። ቁስሉን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራ ጋገረችልን። እኛ ወንዶች ልጆቿ አራት ነን። ስለ ጡቷ ለወንድ ልጅ መናገር አሳፈራት። «ባሌ ምን ይላል» የምትሉት ነገር እውነት ነው፤ እኛም ግን እንድንጠየቅ እንፈልጋለን። ማወቅ የምፈልገው፦ እህት የለኝም፤ እኔስ እወርሰዋለሁ?

ነርሷ
ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 9፡30

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ወንድም ይታመማል፤ ከመቶ የጡት ካንሰር ሕሙማን አንዱ ያህል ወንድ ነው። ከጡትህ ጫፍ ሥር የሚያድግ ጠንካራ ነገር ካገኘህ «ለወንድ አይሆንም» ሳትል ታይ። ሴት ልጆች ካሉህ ደግሞ የአያታቸውን ታሪክና በስንት ዓመቷ እንደታመመች ጽፈህ አስቀምጥላቸው፤ ሐኪም ይጠይቃቸዋል።

የጤና ትምህርት ተማሪ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2፡15

ጸሐፊዋ የጠየቀችው ጥያቄ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ተጠይቆ ነበር። ያኔ በሽታው የሳንባ ነቀርሳ ነው። (ነቀርሳ የሚለው ቃል በእኛም አገር ለሁለቱም በሽታ ማገልገሉ ይገርመኛል።) መንግሥት የራጅ መሣሪያ የተጫነባቸውን መኪናዎች በየሰፈሩ አቆመ፣ በነጻ። ብዙ ሰው አልመጣም። ሆክባም የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1958 ባወጣው ጥናት ሰዎቹን ሁለት ነገር አየባቸው፦ በሽታው እኔንም ሊይዘኝ ይችላል ብለው ማመናቸውን፣ ምልክት ሳይታይ አስቀድሞ ቢገኝ ይጠቅመኛል ብለው ማመናቸውን። ሁለቱንም ካመኑት ከመቶ 82 በገዛ ፈቃዳቸው ራጅ ተነሥተው ነበር። ሁለቱንም ካላመኑት 21 ብቻ።

ስለዚህ የእድራችሁ ሴቶች ነርሷ ያስተማረችውን ማወቃቸው ብቻውን አይበቃም። «ይጠቅመኛል» የሚለው ጎድሎ ይሆናል። ለገጣፎ ዳር የነገረችንም ይህንኑ ነው።

አንድ የማይወደድ ነገር ልጨምር። ራስን በእጅ መመርመር ብቻውን ነፍስ እንደሚያድን ተደርጎ መሰበኩ ልክ አይደለም። ሻንጋይ ውስጥ ከ260 ሺህ በላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ግማሾቹ ራስን መመርመር በጥብቅ ተማሩ። ውጤቱ በ2002 ሲወጣ በሞት መጠን ልዩነት አልታየም፤ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ማግኘት ግን በዛ። ታዲያ የጨርቁ ጡት ለምን ይዞራል?

ነርሷ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 3፡00

ጥናቱን አውቀዋለሁ። ግን ሻንጋይ ያሉት ሴቶች ያንንም ሳይማሩ እብጠት ሲያገኙ ወደ ሐኪም የሚሄዱ ነበሩ። የሹፌሩ እናት ግን ለዓመት ደብቃዋለች። እኔ የማስተምረው በየወሩ ቀን ቆጥራችሁ ፈትሹ ብዬ አይደለም፤ ጡታችሁን እወቁት፣ የተለወጠ ነገር ሲኖር አትደብቁ ብዬ ነው። አዲስ እብጠት፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ሲወጣ፣ ብብት ሥር ሲያብጥ።

የተጀመረውን ከጨረስነው ደግሞ ሕንድ ውስጥ ሙምባይ የተደረገውንም ጥናት ንገራቸው። ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች፣ የ20 ዓመት ክትትል፤ ግማሽ ያህሉን የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው ብቻ ይመረምሩ ነበር። ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ወጣ፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት በጡት ካንሰር መሞት 30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) የለም፣ እጅ ነው። ቅዳሜ ጤና ጣቢያው ያዘጋጀው ይህንኑ ነበር።

የጤና ትምህርት ተማሪ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 3፡12

ተቀብያለሁ። ግን ከ50 በታች ባሉት ላይ ያ ልዩነት አልታየም፣ በእኛ አገር ደግሞ ብዙዎቹ የሚታመሙት ከ50 በፊት ነው። ይህንንም አትደብቂ።

ነርሷ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 3፡20

አልደብቅም። ለዚህም ነው ወጣቷ ላይ እብጠት ሲገኝ በአልትራሳውንድ የሚታየው፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ስለሆነ ማሞግራፊው ላይ ነጭ በነጭ ይሆናል።

እማሆይ አይደለሁም
ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 3፡35

እስካሁን ማንም ጠበልን አላነሳም። እኛ አካባቢ ሴት እብጠት ስታገኝ መጀመሪያ የምትሄደው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነው። እኔም ጠበልተኛ ነኝ፣ ማንም እንዲያፌዝብኝ አልፈልግም። ነገር ግን እዚያ ሱባኤ ይዛ ወራት የቆየች አንዲት እህት አውቃለሁ፤ መድኃኒት ከወሰድኩ እምነቴ ጎደለ ማለት ነው ብላ ሐኪም ያዘዘላትን ጣለችው። ማን እንዲህ አላት? አባቶች አላሉአትም። የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው «ጠዋት ጠበልሽን ጠጪ፣ ከዚያ መድኃኒትሽን ዋጪ፤ ሐኪምን አክብር የሚለውን ሲራክን አላነበብሽም?» ነው ያሉኝ። ጤና ጣቢያዎች ከእድር በፊት ወደ ንስሐ አባቶች ቢሄዱ ይሻል ነበር እላለሁ።

ከድጃ ዘ ኮተቤ
ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 7፡05

በእኛም እንዲሁ ነው እህቴ። ሩቅያ (ለሕመምተኛ የሚቀራ ቁርኣን) የሚቀሩት ኡስታዝ ራሳቸው ወደ ሐኪም ሲልኩ አይቻለሁ። የእኔ ችግር ሌላ ነው፦ የሚመረምረኝ ወንድ ከሆነ አልገባም። «ሴት ናት የምታይሽ» ቢባል አሥር ጎረቤት ይዤ እመጣለሁ። ይህ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ነበረበት።

ስም አልሰጥም
ጥቅምት 14፣ ከሌሊቱ 6፡48

ሁሉንም አንብቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ።

እኔ የዛሬ ስምንት ዓመት ነው ያገኘሁት። ገላዬን ስታጠብ። ሽምብራ የሚያህል፣ የማያም፣ ነርሷ እንዳለችው። ያኔ ልጄ የሁለት ዓመት ነበር። ለማንም ሳልናገር ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ሪፈር ተጻፈልኝ፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነው ያሉኝ ቀን ከሐኪም ቤቱ እስከ መገናኛ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ መያዝ እንዳለብኝ አልታወሰኝም። ጡቴ ተነሣ። ኬሞ ወሰድኩ። ለጨረሩ ጥቁር አንበሳ ተላክሁ፤ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ያለው እዚያ ብቻ ነበር፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሴቶች ደጃፉ ላይ አንሶላ አንጥፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። ብዙ ወዳጅ አፍርቼበታለሁ። ከዚያ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን አምስት ዓመት ዋጥኩ። ቀላል ነበር አልልም። ገንዘቡም እንዲሁ፤ የባለቤቴ ወንድም በሬ ሸጦልናል።

ለጎረቤት ምን አልኩ መሰላችሁ? «እናቴን ላስታምም ገጠር ሄጄ ነበር።» ፀጉሬ ሲረግፍ ሻሽ አሰርኩ፣ ሐዘን አለባት ተባለ። በጡቴ ቦታ ራሴ የሰፋሁትን የጥጥ ትራስ አደርጋለሁ። እስከ ዛሬ።

የምኖረው የካ አባዶ ነው። የእድር አባል ነኝ። የየትኛው እድር እንደሆነ አልናገርም። ቡና ስንጠጣ «ያ ክፉ የያዛት ማን ተርፋ ታውቃለች?» ሲባል ሲኒዬን አያለሁ እንጂ ቀና አልልም።

ለገጣፎ ዳር
ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 12፡30

እህቴ፣ እንኳን አተረፈሽ። ሌላ የምለው ጠፋኝ። እኔ የማውቃት ያቺን በሦስት ወሯ የተቀበረችውን ብቻ ነበር።

የእድር ጸሐፊዋ (የካ አባዶ)
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 2፡25

ዛሬ ከሥራ ስገባ መዝገቡን አወጣሁት። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚህ በሽታ ሁለት ሴቶችን ቀብረናል። ድንኳን ተተክሏል፣ ሦስት ቀን ተለቅሷል፣ ወጪው በእኔ እጅ ተጽፏል። የሞተች ሁሉ መዝገቤ ላይ አለች። ሳትሞት የዳነችውን የሚጽፍ መዝገብ ግን የለኝም፣ እድር እንዲህ ያለ ገጽ የለውም። ሰላሳ አምስቱ ሴቶች ያልመጡት ነርሷን ንቀው እንዳልሆነ ገባኝ። እኛ ሰፈር በሐኪም ቤት በር የገባች ሁሉ የምትመለሰው በድንኳን በኩል ነው፤ ያየነው ይህ ብቻ ነው፣ የዳነችዋ ሻሽ አስራ «ገጠር ነበርኩ» ትላለችና።

ስም ያልሰጠሽው፣ ማን እንደሆንሽ አልፈልግም፣ አልገምትምም። ግን ፈቃድሽ ከሆነ የጻፍሽውን ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ላንብበው? የመንደሩን ስም ትቼ።

ስም አልሰጥም
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 4፡02

አንብቢው። የበሬውን ነገር ግን አትተዪው፤ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ይወቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርዳቸውን ማሳደስ እንዳይረሱም ንገሪልኝ፤ ከጤና ጣቢያ በሪፈር ካልሄዱ እንደማይሠራላቸውም ጨምሪ።

የእድር ጸሐፊዋ (የካ አባዶ)
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 1፡50

ስለቆየሁ ይቅርታ። አነበብኩት። ቤቱ እንደ ባለፈው አልሳቀም። ፎቅ ላይ ያሉት እናት «የእኛ ሰፈር ናት?» አሉኝ፣ «ሰው ናት» አልኳቸው። ጤና ጣቢያውን ለምነን ሌላ ቅዳሜ ተሰጠን፤ የከድጃን ምክር ሰምቼ ማስታወቂያው ላይ «መርማሪዋ ሴት ናት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። አሥራ አንድ መጡ። አሥራ አንድ ብዙ አይደለም፣ እኔ ግን የሦስቱን ቀን አይቻለሁ። ከድጃ አሥር አመጣለሁ ብላ አራት ይዛ መጣች፤ ይቆጠርባታል።

ከአሥራ አንዱ አንዷ ላይ እብጠት ተገኝቶ አልትራሳውንድ ታዝዞላታል። የጤና ጣቢያው ነርስ አብዛኛው እብጠት ካንሰር እንዳልሆነ ነግራታለች፣ ሰምታለች፣ ግን አልሄድም ብላለች። ፈራሁ አትልም። «ልጁን ማን ይይዝልኛል፣ መንገዱንም አላውቀው» ነው የምትለው። ልጁን እኔ እይዛለሁ፤ ከሥራ ስለማልቀር አብሬያት መሄድ ግን አልችልም።

ስም አልሰጥም
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 2፡15

መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ታክሲ ተራው ጋ እጠብቃታለሁ በያት። ሰማያዊ ጃንጥላ እይዛለሁ።

ለገጣፎ ዳር
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 2፡31

እኔም ሪፈር አስጽፌ እመጣለሁ። ምንም አልተገኘብኝም፣ ገና አልታየሁም። ሁለት ሆናችሁ ከምትሄዱ ሦስት ብንሆን ይሻላል።

ሹፌሩ (አያት ጨፌ)
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 2፡40

ታክሲ ተራ አትቁሙ፣ ሐሙስ መኪናዋ የእኔ ተራ ናት። ባለቤቴም ትመጣለች፣ ፊት ወንበር ይያዝላት ብላለች። ግን 1 ሰዓት ሳይሆን 12፡15 ላይ እንነሣ፤ ከዚያ ካለፈ መገናኛ ይዘጋብናል።